እማዬን እንግዳ ያደረግንበት ቤት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ጥርስስ? አስነቅዬዋለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ነገር ግን ከሐኪም ቤት ደጅ የምትመለሺ ሰው ስለሆንሽ አላመንኩሽም። እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ወገብ ከዚህ የተሻለ ምን ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ የአክስታችን ልጅ፣ ሹፌሩ ነው። አንብበሽ እስክትጨርሺ አጠገብሽ እንዲቀመጥ ነግሬዋለሁ። ሻይ አፍይለት። መኪናዬን ያላግባብ አቁሜያለሁ፣ ልሂድ ቢልሽ እሺ እንዳትይው፤ ውሸቱን ነው፣ እንባ ስለሚፈራ ነው። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። አንቺ ሄሎ ስትዪ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ እይዘዋለሁ። ምነው ስትዪኝ ኔትወርክ ነው ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርክ አልነበረም።

ስጽፍልሽ ሁልጊዜ እማዬ ሰላም ብላሻለች ብዬ ነበር የምጀምረው። የዛሬውን ሰላምታዋን መጨረሻ ላይ አስቀምጬልሻለሁ፤ ገልጠሽ እንዳታዪ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ተረት ሲነገርሽ መጨረሻው ካልተነገረኝ የምትዪ ችኩል ነሽ። ዛሬ ግን በእኔ እርምጃ አንብቢልኝ፤ እኔም እዚያ ለመድረስ አቅም የማገኘው ቀስ ብዬ ስሄድ ነው።

እማዬ ጡረታ የወጣች ሰሞን፣ ከእንግዲህ ምን ያምርሻል ብለሽ የጠየቅሻት አንቺ ነሽ። ስትስቅ ቆይታ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚተኛበትን አልጋ ሳነጥፍ ኖርኩ፤ እንደዚያ ያለ አልጋ ላይ እኔም አንድ ቀን ጋደም ብል ደስ ይለኛል አለች። ወዲያው ደግሞ፣ ኧረ ተዉኝ፣ እንቅልፍ ምን አልጋ ይመርጣል ብላ በቀልድ ዘጋችው። እኔ ግን ነገሩን ያዝኩት። አንቺም ይዘሽው እንደነበር አውቃለሁ።

ያን ትልቅ ሆቴል እኛ በዐይናችን ሳናየው በጆሯችን ነበር የምናውቀው። ከሥራ ስትመለስ፣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ስለ ክፍሎቹ ታወራልን ነበር። ወፍራሙ መጋረጃ ሲዘጋ የመንገዱ ጩኸት እንዴት ድራሹ እንደሚጠፋ፣ ምንጣፉ ኮቴን እንዴት እንደሚውጥ፣ የራስጌው መብራት እንዴት ዐይን እንደማይወጋ። እዚያ ውስጥ ጆሮ እንኳ ያርፋል ትል ነበር። ይህንን የምንሰማው ሦስታችንም መሀሉ በጎደጎደ አንድ ፍራሽ ላይ ተጣብቀን ነው። አንቺ መሀል ነበርሽ። የእሷን የቀሚስ ጫፍ በጣትሽ ሳትጠቀልዪ እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር።

የሥራዋን ሕግ እንደ ጸሎት በቃላችን ይዘነዋል። አልጋ አንጣፊ የእንግዳ አልጋ ላይ አትቀመጥም፣ ጉልበቷ ቢብረከረክም አትቀመጥም። ሳያንኳኩ በር አይከፈትም። አይረብሹ የሚል ካርድ የተሰቀለበትን በር ደግሞ ሰማይ ቢደፋ ማንኳኳት የለም፤ እንግዳው ራሱ ካርዱን እስኪያነሳ ይጠበቃል። አንቺ ለፈተና አጠናለሁ ብለሽ በርሽ ላይ ከደብተር የቀደድሽውን "አይረብሹ" ለጥፈሽ ስታንኮራፊ፣ እማዬ ምሳሽን ይዛ በሩ ሥር ቆማ ስትጠብቅሽ አይቻታለሁ። ግቢ፣ ተኝታ ነው ብላት፣ ካርድ አለ እኮ አለችኝ። ያን ቀን በሁለታችሁም ተናድጄ ነበር።

እንግዲህ መርሳት መጀመሯን ያወቅነው አብረን ነው። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት። ሐኪሙ መድኃኒቱ ብዙም ተስፋ የለውም፣ ሰላም ያለው ጸጥ ያለ ቦታ ይኑራት ሲለኝ፣ ያ የጥንት ምኞቷ ትዝ አለኝ። ደውዬ ስነግርሽ አለቀስሽ። ሳታውቀው እንሥራላት፣ ሳትረሳን በፊት ትተኛበት አልሽኝ። ቃልሽ ይኸው ነበር፤ እኔም ሌላ ነገር አልፈለግኩም። አንዴ እንኳ እዚያ አልጋ ላይ ሙሉ እንቅልፍ ተኝታ ብትነሳልኝ ብዬ ነበር።

ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ስለሆነ ለልክም ለመስቀልም ሆቴል ክፍሎች ውስጥ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ልክ ስወስድ እንደ ሌባ ነበር የማየው። አልጋው ከመስኮቱ በየት በኩል እንደዞረ፣ መብራቱ ከግድግዳው በምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሽቦዎቹ የት እንደተደበቁ። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ያ ምቾት የሚባለው የተጨመረ ዕቃ አለመሆኑ ነው። የተነሳ ዕቃ ነው። ዐይን የሚያርፈው የሚያስታውሰው ነገር ሲያጣ ነው። ይህችን ጥበብ አገኘሁ ብዬ እንዴት እንደኮራሁ ብታዪ።

እማዬን አክስታችን ዘንድ አስቀምጬ ቤቱን ገለበጥኩት። ቡፌው ወጣ። ግድግዳው ላይ የነበሩት ፎቶዎች፣ ያ ዘመኑ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ፣ የፕላስቲክ አበባው፣ ያንቺ የምረቃ ፎቶ ከነጋዋንሽ፣ ሁሉም በካርቶን ታሽጎ ሄደ። ጣሪያው ላይ ያለውን ነጭ ረጅም መብራት አስነቅዬ በራስጌና በግርጌ ለስላሳ ቢጫ መብራት አስገባሁ። ቀለሙን አንቺ ነሽ ፎቶ አይተሽ የመረጥሽው፤ ሻይ በወተት የመሰለው ይሁን አልሽ። መጋረጃውን ደርቤ ሰፋሁት፣ ስሱ ከውስጥ፣ ገበር ያለው ወፍራሙ ከላይ። አንሶላው ነጭ፣ ትራሱ አራት፣ ኮሞዲኖው ላይ በሰርቪስ ትሪ የተገለበጡ ሁለት ብርጭቆዎች። ነጠላ ጫማ ሳይቀር ገዛሁ።

አናጢያችንን ታውቂዋለሽ፣ አቶ ነገን። መቼ ትመጣለህ ስትዪው ነገ የሚለውን። ቁም ሣጥኑን ግድግዳ ውስጥ ገጥሞ ለመጨረስ ስንት ነገ እንደፈጀ አትጠይቂኝ። ሆቴል እንዳለው፣ ከአልጋው ግርጌ ሻንጣ የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ አግዳሚ ሥራልኝ ስለው፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሲያስብ ቆየና፣ እማማ ወዴት ሊሄዱ ነው ሻንጣ የሚያስፈልጋቸው ብሎ ጠየቀኝ። ሞኝ አልኩት። ሳቅን።

በመጨረሻ ካርድ ሰፋሁላት። ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ቆርጬ፣ በቀይ ክር አይረብሹ ብዬ ጠልፌ፣ ከበሩ እጀታ የሚንጠለጠልበት ቀዳዳ አበጀሁለት። ለሳቅ ነበር።

ይዣት የገባሁ ቀን በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ዐይኗ ክፍሉን ዞረ። ወደ አልጋው ሄዳ የአንሶላውን ማዕዘን በመዳፏ ዳበሰችና፣ ማነው ያነጠፈው፣ ጥሩ እጅ ነው አለች። ደስታዬን አልነግርሽም። ያንቺ ነው እማዬ፣ ተኚበት አልኳት። ፈገግ ብላ አየችኝ። ሌላ ሰው የሰማ እንደሆነ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እመቤት፣ እንደሱ አይባልም፣ ከሥራ ያባርሩኛል አለችኝ።

መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለኝ። ጠዋት ስነሳ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ አንድ ቦታ እንኳ አልተሸበሸበም። እሷ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ራሷን ደፍታ አገኘኋት። ያደረችው እዚያ ነበር። ልብሷን አስተካክላ ተነሳችና ክፍሏን ሄዳ አንኳኳች። የራሷን ክፍል አንኳኩታ፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣ መልስ ስታጣ ከፈተችና አቧራ የሌለበትን ኮሞዲኖ መወልወል ጀመረች። እኔ ስገባ ደንግጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ይቅርታ እመቤት፣ አሁን ልጨርሰው ወይስ እርስዎ ሲወጡ ልመለስ አለችኝ።

የወለደችኝ እናቴ እርስዎ አለችኝ፣ እህቴ። ስድብ ቢሆን በቻልኩት።

ቀን ቀን ትሠራለች፣ የሠራችውን መልሳ ትሠራለች። አመሻሹ ላይ ደግሞ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ሥር ትቆማለች። ሰዓቴ ሞልቷል፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል ትላለች። ቤትሽ እኮ ይህ ነው ስላት ዐይኗ ውስጥ ፍርሃት አያለሁ፣ የማያሳልፍ ዘበኛ የሆንኩባት ይመስል። ብትወጣ ይሻላል ብዬ እጇን ይዤ እስከ መንገዱ ጥግ እወስዳትና አዙሬ አመጣታለሁ። ስንመለስ ክፍሉን አይታ፣ ዛሬም የማታ ፈረቃ አደረጉኝ እንዴ ትላለች። ለዓመታት የኖረችበትን ቤት በገዛ እጃችን አጠፋንባት። አሮጌው ቡፌ ነበር ቤትሽ ነው የሚላት። የቀን መቁጠሪያው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔስ አፍስሼ የምለቅመው ጠፋኝ።

እመልሳለሁ ብዬ ካርቶኖቹን አስመጣሁ። ቡፌውን ስናስገባ የሌላ እንግዳ ዕቃ መሰላትና እንዳይጫር ብላ ፎጣ አለበሰችው። ፎቶዎቹን ስሰቅል ግን የሁለታችን ፎቶ አጠገብ ቆመች፤ ያቺ አንቺ ግንባርሽ ላይ እብጠት ያለብሽ፣ እኔ እጅሽን ቆንጥጬ የያዝኩብሽ። ጣቷን አንቺ ላይ አሳረፈች። ይቺ የኔ ትንሿ ናት አለችኝ፣ ያለእኔ አትተኛም፣ ለዚህ ነው ሰዓት ሲያልፍ የምጨነቀው። እስኪ ስለ ትልቋም ይንገሩኝ አልኳት። እኔም እርስዎ ማለት ለምጄ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁብሽ። እዚህ ሆኜ ገላዋን የማጥብ፣ ፀጉሯን የማበጥር እኔ፤ ሳትረሳ ያስቀመጠችው አንቺን። አንቺ በሳምንት አንዴ እየደወልሽ ትንሿ ሆነሽ ቀረሽ፣ እኔ እመቤት ሆንኩ። ይህን ሳልጽፍልሽ ብቀር ነገሩ በመካከላችን ይቀመጣል ብዬ ነው፤ አሁን ወጥቶልኛል።

እሷ ግን መልሷን አልጨረሰችም ነበር። ፎቶውን በቀሚሷ ጠርዝ እየወለወለች፣ ትልቋማ ሰው ናት አለች። ቤቱን እሷ ላይ ጥዬ ነው የምወጣው። ትንሿን አብልታ የምታስተኛ እሷ ናት። እሷ ባትኖር ይህንን ሥራ ምን ቆርጦኝ እሠራ ነበር? ዛሬስ አመሰግናታለሁ እያልኩ እገባለሁ፤ ስገባ ግን ተኝታ ነው የማገኛት። መቀስቀስ ደግሞ አይሆንልኝም አለችኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ለቅሶዬ እንዳይሰማት። በልጅነቴ በር ስትከፍት ሁሌም ነቅቼ ነበር። የተኛሁ የምመስላት እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቤትሽ ነው፣ ልጅሽ ነኝ እያልኩ መከራከሬን ተውኩት። ለሥራዋ እንጂ ለእኔ እንደማትታዘዝ ገባኝ። በማግስቱ አመሻሹ ላይ ጥቁር ኮቴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን ጠቅልዬ አሰርኩ፣ ደረቴ ላይ በባጅ ፈንታ መርፌ ቁልፍ ሰካሁ። ቦርሳዋን አንግታ በሩ ሥር ስትደርስ እንደ ሱፐርቫይዘር ቀጥ ብዬ ቆምኩላት። እናት ብዬ ጀመርኩ፣ ሆቴሉ ስለ ረጅም አገልግሎትዎ ዛሬ ይህን ክፍል ለእርስዎ ሰጥቷል፤ ያርፉበታል፣ ቁርስዎም እዚሁ ይመጣል አልኳት።

ደረቴ ላይ ያለውን መርፌ ቁልፍ አየች። ልጆቼስ አለችኝ። ሰው ልከናል፣ እራታቸውን በልተዋል፣ ትልቋ ቤት አለች አልኳት። ትንሿ ተኛች አለችኝ። ተኝታለች አልኳት። የቀሚሴን ጫፍ ሳትይዝ አለችኝ። አዎ፣ አድጋለች እኮ አልኳት።

ቦርሳዋን የሻንጣው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ አቶ ነገ የጠየቀኝ ትዝ አለኝ። እግሯን አጠብኩላት፣ በዚያ ለብ ባለ ውሃ። ነጠላ ጫማውን አደረገች። አልጋው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ፣ ሊሰበር የሚችል ነገር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጠች። ከዚያ ጋደም አለች። መጋረጃውን ስዘጋው የመንገዱ ጩኸት ጠፋ። ለካ እንዲህ ነው አለች። ስታነጥፈው የኖረችውን ለካ እንዲህ ነው አለች፣ እህቴ፣ እየሳቀች።

መብራቱን ዝቅ አድርጌ ልወጣ ስል ጠራችኝ። ካርዱን ስቀይልኝ ልጄ፣ ጠዋት ማንም እንዳያንኳኳብኝ አለችኝ። ልጄ አለችኝ። እማዬ ማንን ልጄ ሳትል ቀርታ ታውቃለች ትዪኝ ይሆናል፤ አውቃለሁ፣ አትክልት ሻጩንም ልጄ ትላለች። እኔ ግን ለራሴ ወስጄዋለሁ፣ እንዳትነጥቂኝ።

ጠዋት ስነሳ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ወጥ ቤት አየሁ፣ የለችም። ወንበሩም እንደነበረ ነው። ተኛችልኝ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ አንቺ ዘንድ ደውዬ እማዬ ተኛች ልልሽ ስልኬን አንስቼ፣ ገና ሥራ ልትገቢ ስትጣደፊ ነው ብዬ ተውኩት። ቁርሷን በሰርቪስ አዘጋጅቼ እስከ በሩ ሄድኩ። ካርዱ ተንጠልጥሏል፣ የራሴ ቀይ ክር። እጄን አነሳሁ፣ መልሼ አወረድኩት። ካርድ አለ እኮ። ሰርቪሱን ይዤ ቆምኩ፣ እሷ ያንቺ በር ሥር እንደቆመችው። ከዚያ ሄጄ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ግን ድምፁ እንዳይቀሰቅሳት ፔዳሉን አልረገጥኩም። በእጄ ጠርዝ ስሰፋ ረፈደ። አክስታችን መጥታ እህቴስ ስትለኝ፣ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ፣ ቀስ በዪ፣ ተኝታለች አልኳት። ፊቴ እየሳቀ ነበር። አክስታችን ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀጥላ በሩን አየች።

ከዚህ በላይ ያለውን ሆድ ይፍጀው። የአክስታችን ልጅ አጠገብሽ አለ፤ እጁን ያዢው።

ይህን የምጽፍልሽ ስፌት ክፍሌ ውስጥ በር ዘግቼ ነው። ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል፣ ወንበር ከየጎረቤቱ ተሰብስቧል። አቶ ነገ ማንም ሳይጠራው፣ ነገም ሳይል፣ አግዳሚ ተሸክሞ ወዲያው መጣ። ልብስሽን ሁሉ ልያዝ ብለሽ አትድከሚ፤ ሹፌሩ እንዳነበብሽ ይዞሽ ይመጣል፣ እኛም እስክትደርሺ እንጠብቅሻለን። ሽኝቷ ነገ ከሰዓት ነው፤ ያለ አንቺ ምንም አይሆንም።

አልጋዋን ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። የተኛችበት ቅርጽ አለበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸበሸበ። አልጋ ለሁለት ሲነጠፍ አያደክምም ትለን አልነበር፤ አንቺ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል ሆነን ማዕዘኑን እንስበዋለን። ካርዱንም አንቺ ነሽ የምታወርጂው፤ እኔ አልቻልኩም።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። ለእኔም አንቺን በሰላም ያድርስልኝ፤ ከእንግዲህ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ስትመጪ አታንኳኪ፣ ገፍተሽ ግቢ፤ ይህ ቤትሽ ነው።

የእማዬ ሰላምታ ይኸውና፦ ትንሿ ተኛች ብላሻለች። ተኝታለች ብዬ መልሼልሻለሁ፣ አሳርፌያታለሁ።

ታላቅ እህትሽ፣
ቤት ጠባቂዋ